«ወፈርሽ፣ ተስማማሽ!» ሲሉን ምን እንመልሳለን?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



በሀገራችን ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ጠይቀን ስናበቃ ዓይናችን ወደ ሰውነት ይሄዳል። «ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» ወይም «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ!» እንባባላለን። ሁለቱም ከፍቅር የሚነገሩ ናቸው። ጤነኛ ሰው ሰምቶ፣ ስቆ ያልፋቸዋል። እኛ ግን እንደ ሉፐስና ሩማቶይድ አርትራይተስ ያሉ በሽታዎች ይዘን የምንኖር ሴቶች ሁለቱንም ቃላት ይዘናቸው ቤት እንገባለን። በሽታው ሲያከሳን ሰፈሩ ስለ ኤች አይ ቪ ያንሾካሹካል። መድኃኒቱ ሲያወፍረን ደግሞ «ይኸው ድናለች፤ አሁን ምን ጎድሏት ነው?» እንባላለን።

ዛሬ ስለዚህ ክብደት ልንነጋገር የመረጥነው ስለ ውበት ለመጨነቅ አይደለም። ከመካከላችን መድኃኒታቸውን በገዛ እጃቸው ያቆሙ እህቶች አሉ። ያቆሙት መድኃኒቱ ስላልሠራላቸው አይደለም፤ ሠርቶላቸው ነበር። ያቆሙት መስታወት ውስጥ የሚያዩት ፊት የእነርሱ አልመስል ስላላቸው ነው። አንዲት እህታችን በድንገት አቁማ፣ በስድስተኛው ቀን ራሷን ስታ በሰው ሸክም ሆስፒታል ገብታለች። ተርፋ ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ይህን እንድንናገር የፈቀደችልንም እርሷ ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ለእንግዶቻችን ባጭሩ እናስረዳ። የእያንዳንዱ ሰው ሰውነት ከተዋሕስያን የሚጠብቀው ዘብ አለው። በእኛ ዘንድ ይህ ዘብ ቤተኛውን ከሌባ መለየት ያቅተዋል። የራሳችንን መገጣጠሚያ፣ ቆዳ፣ ኩላሊት፣ ሳንባ ወይም ደም እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ሉፐስ ከሚይዛቸው 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በመውለጃ ዕድሜያችን ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። በአንድ ሳህን መብላት፣ ልጅ ማቀፍ፣ አብሮ መተኛት አያስይዝም። ነቅሎ የሚያጠፋቸው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚያረግባቸው ግን አለ። ከሚያረግቡት ውስጥ አብዛኞቻችን የምናውቀው ፕሬድኒሶሎን የምትባለውን ትንሽ ክኒን ነው። ሐኪሞች የዚህን መድኃኒት ቤተሰብ ስቴሮይድ ይሉታል።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው በአንዲት ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1948 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ እንቅስቃሴዋን የነሣት የ29 ዓመት ወጣት ነበረች። ዶክተር ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ በኋላ ኮርቲዞን የተባለውን መድኃኒት በመርፌ ሰጧት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ መራመድ ቻለች። በ1950 ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታደየስ ራይሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ እነዚያው ሐኪሞች የታካሚዎች ፊት እየከበበ፣ እንቅልፍና ስሜታቸው እየተዛባ መሄዱን አስተዋሉ። ዛሬ በእኛ ላይ የሚታየው ነገር ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የታወቀ እንጂ የእኛ ስንፍና ወይም ሆዳምነት ያመጣው አይደለም። ይህን እያንዳንዳችን ለራሳችን ደጋግመን ልንነግረው ይገባል።

ለምን ያወፍራል?

ከኩላሊቶቻችን በላይ አድሬናል የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባል ንጥረ ነገር በየቀኑ ያመነጫሉ። ፕሬድኒሶሎን የዚህ የኮርቲሶል ዘመድ ነው። አንድ ጤናማ ሰው በቀን የሚያመነጨው ከ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር የሚቀራረብ ነው። በሽታው ሲብስብን ሐኪም 40 ወይም 60 ሚሊ ግራም ሲያዝልን፣ ሰውነታችን ከለመደው 8 ወይም 12 እጥፍ እየገባለት ነው ማለት ነው። በዚያ መጠን ዘቡ ይረጋል፤ መገጣጠሚያችን ይላላል፤ ትኩሳቱ ይወርዳል። ነገር ግን ሌሎች ነገሮችም አብረው ይለወጣሉ።

አንደኛ፣ ረሃብ ይመጣል። ይህ ረሃብ ተራ ረሃብ አይደለም። ምሳ በልተን ሳህኑን ሳናነሣ እንደገና ይርበናል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሣል። ሁለተኛ፣ ሰውነታችን ጨውና ውኃ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛን ላይ የሚታየው ጭማሪ በአብዛኛው ይህ ውኃ ነው። ሦስተኛ፣ ስብ ቦታውን ይለውጣል። ፊት ላይ፣ ማጅራት ላይና ሆድ ላይ ይከማቻል፤ ክንድና ጭን ግን ይሳሳሉ። ሐኪሞች የተከበበውን ፊት «የጨረቃ ፊት» ይሉታል። አራተኛ፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል። ቀድሞ ምንም ያልነበረባት ሴት የስኳር በሽታ ሊታይባት ይችላል።

ጎረቤት «ተስማማሽ» ሲለን የማያየው ነገር የሳሳውን ጭን ነው። ስቴሮይድ የጭንና የትከሻን ጡንቻ ያደክማል። ከበርጩማ ለመነሣት እጃችንን ግድግዳ ላይ የምንደግፈው፣ ታክሲ ላይ ለመውጣት ሰው የምንለምነው ለዚህ ነው። ከላይ ሲታይ ሞልተናል፤ ከውስጥ ግን ጉልበት ቀንሶብናል። በሰፈር ፊት ለማብራራት አስቸጋሪ የሆነውም ይኸው ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ መጠኑ ሲቀነስ ፊት ይመለሳል። በሳምንት አይመለስም፤ ወራት ይወስዳል። ቆዳ ላይ የወጣው ሸንተረር ይደበዝዛል እንጂ ፈጽሞ ላይጠፋ ይችላል። የጨመረው ክብደት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ሊታገዝ ይገባዋል። ቢሆንም «ለዘለዓለም እንዲህ ሆኜ ቀረሁ» ብላ የምታለቅስ እህት እውነቱን ልትሰማ ይገባል፤ አብዛኛው ይመለሳል።

ሁሉንም በክኒኑ ላይ አናሳብ

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁሉም እብጠት ከመድኃኒቱ አይደለም። ሉፐስ ኩላሊትን ሲነካ ውኃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘልሎ ከጨመረ፣ ጠዋት የዓይን ቆብ ካበጠ፣ ጫማ እግር ላይ ከጠበበ፣ ሽንት እንደ ሳሙና አረፋ ከያዘ ወይም ከቀላ፣ «የፕሬድኒሶሎን ነው» ብሎ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድና ሽንት መመርመር ያስፈልጋል።

መክሳትም እንዲሁ ነው። ሳይታሰብ መክሳት፣ የማታ ላብ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ካለ በሽታው ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቶቻችን ዘባችንን ስለሚያረጉት፣ ተደብቆ የኖረ ሳንባ ነቀርሳ በእኛ ላይ ለመነሣት ይቀልለዋል። በአፈር በኩል በባዶ እግር የሚገባ አንድ የአንጀት ትል ደግሞ ከፍተኛ ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ላይ ተራብቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ገጠር ያደግን፣ ወይም በባዶ እግር አፈር ላይ የሠራን ሁሉ ይህን ለሐኪማችን እንንገር።

ሌሎቹ መድኃኒቶች

ከፕሬድኒሶሎን ጋር የሚታዘዙልን ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ብዙዎቻችን «ይህ ሁሉ ክኒን ምን ያደርጋል?» ብለን አንዱን እንመርጣለን፤ ብዙ ጊዜም የምንመርጠው ቶሎ የሚያሻሽለንን ፕሬድኒሶሎንን ነው። ግን የሌሎቹ ሥራ ቀስ ብሎ በሽታውን ይዞ የፕሬድኒሶሎንን መጠን እንድንቀንስ ማስቻል ነው። ክብደቷ ያስጨነቃት እህት ሌሎቹን ክኒኖች ስትዘል፣ የጠላችውን ክኒን ዕድሜ እያረዘመች ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት በ2023 ባወጣው የሉፐስ ሕክምና መመሪያ፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው የፕሬድኒሶሎን መጠን በቀን ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ሲቻልም እንዲቆም ይመክራል። እዚያ የሚያደርሱን ሌሎቹ ናቸው።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒት የሆነው የክሎሮኪን ዘመድ ነው። አያወፍርም። ሥራው ከሳምንታት እስከ ወራት ስለሚፈጅ «አልሠራልኝም» ብለን ቶሎ መተው የለብንም። ለዓመታት ሲወሰድ የዓይንን መጋረጃ ሊጎዳ ስለሚችል የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል። በእርግዝና ጊዜም ሐኪም እንዲቀጥል የሚመክረው መድኃኒት ነው።

ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ጮክ ብለን እንናገር፤ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን እንምረጥ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሆነ ሁልጊዜ ቅዳሜ ይሁን፤ ለልጅ ወይም ለባል ወይም ለጎረቤትም እንንገር። ማቅለሽለሽና የአፍ ቁስል ያመጣል፤ ምግብ ስለሚያስጠላ የሚያከሳት ሴትም አለች። ሐኪም አብሮ የሚያዘው ፎሊክ አሲድ ይህን ይቀንሳል። መጠጥ ከእርሱ ጋር ጉበትን ይጎዳል፤ ጠላና ጠጅም መጠጥ ናቸው። ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ጽንስን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ልጅ ያሰበች እህት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር። አዛታዮፕሪንም የደም ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል።

ለምን በድንገት አይቆምም?

ፕሬድኒሶሎንን ከጥቂት ሳምንታት በላይ ስንወስድ ያነሣናቸው ዕጢዎች ሥራ ይፈታሉ። «ከውጭ እየመጣልኝ ለምን እደክማለሁ?» እንደማለት ነው። ክኒኑን በአንድ ቀን ስናቆም ከውጭ የሚመጣው ይቀራል፤ ዕጢዎቹም ገና አልነቁም። ያን ጊዜ ድካም፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። በስድስተኛው ቀን ራሷን የሳተችው እህታችን የደረሰባት ይህ ነበር። ስለዚህ መጠኑ የሚቀነሰው ደረጃ በደረጃ ነው፤ ዕጢዎቹ እንዲነቁ ጊዜ እየተሰጠ፣ በሐኪም ትእዛዝ።

ከዚህ የሚከተሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ተቅማጥና ትውከት ይዞን ክኒኑ ሆዳችን ውስጥ አልቀመጥ ካለ፣ ያ ቀን ያልወሰድንበት ቀን ማለት ነውና ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። ጥርስ ስንነቀል፣ ቀዶ ጥገና ሲታሰብልን፣ አደጋ ሲደርስብን «ስቴሮይድ እወስዳለሁ» ብለን እንናገር። መናገር ባንችልስ? ለዚህ ነው በቦርሳችን ውስጥ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ ወረቀት እንድንይዝ ማኅበራችን የሚያሳስበው።

ስለ ጸበልም እንናገር። ብዙዎቻችን ጸበል እንጠመቃለን፤ መጽናኛችንም ነው። ጸበሉን እየጠጡ ክኒኑን መቀጠል ይቻላል። «ክኒኑን ጣይ» የሚል ሰው ሲገጥመን ግን፣ በድንገት ማቆም የሚያስከትለውን ነገር እናስረዳው። የንስሐ አባቶቻችን ጉዳዩን በግልጽ ሲነገራቸው ይረዱታል። በየገበያው ለቁርጥማት ተብለው የሚሸጡ፣ ስም የሌላቸው ዱቄቶችና እንክብሎችም አሉ። በአንድ ሌሊት የሚያስነሣ ዱቄት ሲገጥመን ውስጡ የተደበቀ ስቴሮይድ ሊኖር እንደሚችል እንጠርጥር። ለሕመም ብለን ራሳችን የምንገዛቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲገናኙ ጨጓራን ያደማሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

በማዕዳችን ላይ ምን እናድርግ?

ባለሙያ የሚሰጠን የአመጋገብ ዝርዝር አንዳንዴ በእኛ ቤት የማይገኝ ነገር ይሞላበታል። እኛ የምንበላው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። ደግነቱ በእነዚህም ብዙ መሥራት ይቻላል።

ውኃ የሚያስይዘን ጨው ነውና ከጨው እንጀምር። ጨው ወጥ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ አብሯቸው የሚፈጨው ጨውም አለ። ስለዚህ ራሳችን የምናስፈጨውን ያለ ጨው እናስፈጭ፤ ጨውን ሳህን ላይ እንጨምር እንጂ ድስት ውስጥ አናብዛ። ቤተሰቡ ቢያጉረመርም በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሎሚ እናካክስለት። ቀጥሎ ስኳር ነው። በቀን ስድስት ሲኒ ቡናና ሻይ ሁለት ሁለት ማንኪያ እየጨመርን ብንጠጣ 12 ማንኪያ ስኳር ይሆናል። ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ለእንግዳ ይቅር። የረሃቡን ሰዓት ለማለፍ የተቀቀለ ባቄላ፣ ጥቂት ቆሎ፣ ካሮት ቀድመን አዘጋጅተን እናስቀምጥ። ረሃቡ ሲመጣ እጃችን የሚያገኘው ዳቦና ዘይት ያለበት ነገር ከሆነ፣ ከረሃቡ ጋር መከራከር አንችልም።

ስቴሮይድ አጥንትንም ያሳሳል። አጥንት ካልሲየም ይፈልጋል፤ ጤፍና ጎመን ካልሲየም አላቸው፤ ወተትና እርጎም አላቸው። ጾም በሚበዛበት ወቅት ወተት ስለሚቀር የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምን እንጠይቅ። ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ይገኛል፤ ሉፐስ ያለባት ሴት ግን ፀሐይ በሽታዋን ሊያስነሣባት ስለሚችል በጃንጥላና በነጠላ መከለል ይኖርባታል። ሁለቱ እንደሚጋጩ አውቀን፣ መፍትሔው ክኒኑ እንጂ ፀሐይ ላይ መቀመጥ እንዳልሆነ ለአረጋውያን እናቶቻችን እናስረዳ። ጾመኛ እህቶች ለንስሐ አባታቸው፣ በረመዳን የሚጾሙ እህቶችም ለሃይማኖት መሪያቸውና ለሐኪማቸው ቀድመው ይንገሩ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ክኒኑ ጠዋት፣ ምግብ ተበልቶ ሲወሰድ ጨጓራን ብዙም አያውክም፤ ማታም እንቅልፍ አይነሣም።

እንቅስቃሴም መድኃኒት ነው። የምንችለውን ያህል መራመድ የጭን ጡንቻንና አጥንትን ይረዳል። ከወንበር እጅ ሳንጠቀም ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። መገጣጠሚያ ባበጠበት ቀን ግን ይረፍ።

በቤትና በሰፈር

ከክኒን ያላነሰ የሚያደክመን ቃል ነው። አንዲት አባላችን ባንክ ሄዳ መታወቂያዋን ስትሰጥ ሠራተኛው ፎቶውንና ፊቷን እያፈራረቀ አይቶ «ይህ አንቺ ነሽ?» አላት። ከዚያ በኋላ ለወራት ከቤት መውጣት ጠላች። ሌላዋ ለእህቷ ሠርግ የተሰፋላት ቀሚስ በሁለት ወር ጠቦባት ሠርጉን ቀረች። ባሏ «ሰው የታመመ ይከሳል እንጂ ይወፍራል?» ያላት እናትም በመካከላችን አለች። በዚህ ላይ ፕሬድኒሶሎን ራሱ ስሜትን ያለዋውጣል፤ በትንሹ ያስቆጣል፣ ያስለቅሳል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ቤተሰብ ይህ ከመድኃኒቱ መሆኑን ካላወቀ «ጠባይዋ ተለወጠ» ወይም «መንፈስ ያዛት» ይላል። ስለዚህ ባሎችና ልጆች በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ማኅበራችን መጥተው ከባለሙያ እንዲሰሙ አድርገናል። ብዙ ለውጥ ያየነው ከዚህ በኋላ ነው።

ለጎረቤትስ? «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ!» ሲባል ረጅም ማብራሪያ መስጠት ግዴታችን አይደለም። ብዙዎቻችን የምንመልሰው አጭር መልስ አለን፦ «መድኃኒቱ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜያለሁ።» ሙስሊም እህቶቻችንም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ሁለቱንም ነገር ይዟል።

በማኅበራችን የተስማማንባቸው

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየወሩ ስንሰበሰብ ጥቂት ነገሮችን ልማድ አድርገናል።

በስብሰባችን ላይ ስለ ሌላዋ መክሳትና መወፈር በሰላምታ አናነሣም። «እጅሽ ጠዋት ይፈታልሻል?» ወይም «እንቅልፍ አገኘሽ?» እንባባላለን። ሚዛን ላይ የምንወጣው በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ በየራሳችን ደብተር ላይ ከደም ግፊትና ከክኒን መጠን ጋር ይጻፋል እንጂ አይነበብም። ደብተሩን ሐኪም ዘንድ ይዘን እንሄዳለን። ሐኪሙ ጊዜ ባይኖረው እንኳ የሦስት ወር ታሪክ በአንድ ገጽ ያያል። ልብስ ሰፊ የሆነች አባላችን ቀሚሶቻችንን ታሰፋልናለች፤ ስፌቱን ስትለቅ ትርፉን ጨርቅ ቆርጣ አትጥለውም፤ ሰውነት ሲመለስ እንደገና እንድታጠብበው። አዲስ የተመረመረች ሴት ስትመጣ፣ ፊቷ ከብቦ የተመለሰላት አንዲት አባል አብራት ትቀመጣለች። ክኒን ግን አንዋዋስም፤ የእያንዳንዳችን መጠን የተለያየ ነውና።

ለደጋፊዎቻችን

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ አሁን ወደ እናንተ እንመለስ። ሊጎበኙን ከመጡ እንግዶች መካከል «አባሎቻችሁ እኮ ደህና ይመስላሉ፤ ወፍረዋል» ያሉን አሉ። በክፋት አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ እንደሰማችሁት ያ ውፍረት የመዳን ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሽታው ጠንክሮ መጠኑ ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ነው። ስለዚህ በሪፖርታችን ላይ «በፊትና በኋላ» የሚሉ ፎቶዎችን አናቀርብም። ሥራችንን በሌላ ነገር እንድትመዝኑልን እንጠይቃለን፦ ስንት አባል መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ዓመቱን ጨረሰች? የስንቷ መጠን በሐኪም ትእዛዝ ወረደ? ስንቷ የሽንት፣ የደምና የዓይን ምርመራዋን በጊዜው አደረገች? ስንቷ ወደ ሥራዋ፣ ወደ ምጣዷ፣ ወደ ጉልቷ ተመለሰች?

የምንጠይቀው ድጋፍም ከዚህ የተነሣ ነው። ዕጢዎቻችን ክኒኑ የቀረው በሐፍረት ይሁን በገንዘብ እጦት አይለዩም። በመንግሥት ፋርማሲ መድኃኒቱ ሲጠፋ፣ በግል ፋርማሲ ዋጋው ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ለመቀጠል የቆረጠች ሴትም በግድ በድንገት ታቆማለች። ለዚህ ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ብር ማቋቋም እንፈልጋለን። አንዲት አባል የሐኪም ማዘዣዋን ይዛ ስትመጣ የአንድ ወር መድኃኒት መግዣ ከፋርማሲው ጋር በቀጥታ ይከፈልላታል፤ ስትችል በትንሽ በትንሹ ትመልሳለች፤ የመለሰችው ለቀጣይዋ ይውላል። እቁብና እድር እየጣልን ያደግን ስለሆንን አያያዙን እናውቅበታለን። ከዚህ ሌላ አንድ ተጨማሪ ሚዛንና ሁለት የደም ግፊት መለኪያ ያስፈልጉናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። አባላት ከየወር መዋጯችን ላይ ለዚህ ብር ድርሻ እንዲቆረጥ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ደጋፊዎቻችንም የቀረውን እንድትሞሉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

እህቶቻችን፣ የዛሬ ጠዋቱን ክኒን ያልወሰዳችሁ ካላችሁ፣ በስተጀርባ በኩል ውኃና ዳቦ ተዘጋጅቷል።